የአራተኛው ችካል ልኬት

የሥነ ምድር አስተማሪያችንን ፕሮፌሰር ቶዋ ራሩዋን ሁላችንም እንፈራቸው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ተማሪም አይሰድቡም። የሚያስፈራው ጥያቄያቸው ነው። አንድ ድንጋይ ጠረጴዛሽ ላይ ያስቀምጡና «ምን ታያለሽ?» ይሉሻል። የድንጋዩን ስም የነገራቸው ሰው አለቀለት። «ስሙን አልጠየቅኩሽም። የምታይውን ነው የጠየቅኩሽ» ይሉና እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እኔን አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠብቀውኛል። ክፍሉ ውስጥ ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና አንድ እርሳስ ሰጡን። የእርሳሱን ላጲስ ራሳቸው በምላጭ ቆርጠው ጥለውታል። የተሳሳትነው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም፤ ያላየነው ቦታ ላይ «አላየሁም» ብለን እንጽፋለን። በየዓመቱ ከሠላሳው ተማሪ አሥር ያህሉን ይጥላሉ። የሚገርመው፣ የወደቁት በዓመቱ ሌላ አስተማሪ እያለ ተመልሰው እሳቸው ጋ ይመዘገባሉ።

ለምን እንደምንወዳቸው ለማስረዳት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚማር ከረንጋ የሚባል፣ ከደጋው ከሲምቡ የመጣ ልጅ ነበር፤ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቱ ሞተው ወደ ደጋው ሄደ። ፕሮፌሰር የባሕር ዳርቻ ሰው ናቸው፤ ብርድ አይችሉም። በአውሮፕላንና በጭነት መኪና አገር አቆራርጠው ደረሱና ከሐዘንተኞቹ ጋር ፊታቸውን ጭቃ ተቀብተው ሁለት ቀን መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲመለሱ ከረንጋን አስከትለው መጡ። መኪናው ላይ፣ ያመለጠውን ፈተና መቼ እንደሚፈተን ብቻ ነው የጠየቁት።

እኔ ሮዳ እባላለሁ፤ የሴፒክ ወንዝ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ መሬቱ ሜዳ ነው፤ የሚፈራው ውሃ ነው። ተራራ ሊወርድ እንደሚችል የተማርኩት ከመጽሐፍ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የከረንጋ እናት ዘመዶች የሚኖሩባት ኮርንዱል የምትባል መንደር መልእክት ላከች። ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቋል ተባለ። ፕሮፌሰር ለሚመለከታቸው ሁሉ አመለከቱ፤ «እናያለን» የሚል መልስ አገኙ። የዚያን ዓመት የመስክ ትምህርታችንን ወደዚያ አዞሩትና ስድስት ተማሪዎች ይዘው ወጡ።

በደረስን ቀን ወጥተን ስንጥቁን አየነው። ከሃያ ሦስቱ ጎጆዎች በላይ፣ ከስኳር ድንቹ ማሳ ጫፍ ላይ፣ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። ከረንጋ ጠጠር ወረወረበትና አዳመጥን። ጠጠሩ ሲያርፍ አልሰማንም።

«ፕሮፍ፣ ታች ያለው ሰው ጠጠሬን ቀለባት መሰለኝ» አለ ከረንጋ።

በስንጥቁ ግራና ቀኝ አምስት ጥንድ ችካሎች ተከልን። በየጧቱና በየማታው ሁለት ሁለት ሆነን እየወጣን በሜትር እንለካለን። የመጀመሪያው ለመንደሩ ይቀርባል፤ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ለመድረስ ገደሉን ይዞ፣ የዘመሙ ዛፎችን ሥር እየረገጡ መውጣት ነው። ፕሮፌሰር አራተኛውን ነበር የሚፈልጉት። «ይህ ተራራ የሚናገረው እዚህ ጋ ነው» ይሉ ነበር።

የመንደሩ ሰው አልተነሣም። የጎሣው ሽማግሌ ጊግማይ ነው፤ አጭር፣ አንድ ዓይኑ የፈሰሰ ሰው። ከፕሮፌሰር ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከረንጋ ያስተረጉማል።

«ያ ስንጥቅ ሊገድለን ይችላል ትላለህ» አለ ጊግማይ።

«አዎ።»

«ወንዝ ማዶ ያሉት ግን እንደሚገድሉን አውቃለሁ። ሁለት ወንድሞቼን የገደሉት እነሱ ናቸው። ልጆቼን የት ልውሰድ? መሬት ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው።»

«እኔ ሄጄ ባናግራቸውስ?»

ጊግማይ በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አያቸው። «አንተ ሰውዬ ከባሕር መጥተህ የእኛን ጠብ ልታበርድ?»

«ጠባችሁን አላውቅም። መሬት ለመለመን ነው የምሄደው።»

በዚህ ተስማሙ። ፕሮፌሰር ማዶ ተሻግረው ይለምናሉ፤ ስንጥቁ በአንድ ቀን ከአንድ ስንዝር በላይ ከተከፈተ ደግሞ፣ ልመናው አለቀም አላለቀም፣ ጊግማይ ሰዎቹን ያነሣል። «ቁጥሩን አንተ ንገረኝ» አለ። «ቁጥሩን ከነገርከኝ አልከራከርህም።»

ሴቶቹ ተማሪዎች የምናድረው እማማ ሞግያ ጎጆ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሴት ናት። አንዲት ትልቅ እሪያ አለቻት፤ የምታወራት እንደ ልጅ ነው። ጧት ጧት አመድ ውስጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች በእጄ ታስይዘኛለች። የየአገሩ ሰው በሚግባባበት በፒጂን፣ በተሰባበረ አንደበት፣ «የወንዝ ልጅ፣ ብርድ ገደለሽ አይደል? ብዪ፣ ብዪ» ትለኛለች። ስለ ስንጥቁ ስጠይቃት እጇን ታወዛውዛለች። «እኔ ሳገባ ነበር። ያን ጊዜ ጣት ነበር የሚያስገባው።»

ሰኞና ማክሰኞ ሁለት ሁለት ጣት ተከፈተ። ረቡዕ ሦስት። ሐሙስ ጧት አራተኛው ችካል ላይ ከማታው ስድስት ሳንቲሜትር ጨምሮ ተገኘ። ፕሮፌሰር ደብተሩን አይተው ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ወንዙን ተሻገሩ። «የማታውን ልኬት ሮዳና ከረንጋ» አሉ ሲሄዱ። «አራተኛውን ሁለት ጊዜ።»

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ዝናብ ወረደ። ከረንጋና እኔ አሥር ሰዓት ላይ ስንወጣ ጉሙ ከጥቂት እርምጃ በላይ አያሳይም ነበር። አንደኛውን ለካን፤ ሁለተኛውን ለካን። ሁለተኛው ጋ ከረንጋን አንሸራተተውና ጉልበቱን ድንጋይ መታው። መቆም አቃተው።

«ሂጂ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እዘፍንልሻለሁ» አለ። «ዘፈኔን ከሰማሽ አልጠፋሽም።»

ሦስተኛውን ብቻዬን ለካሁ። ቁጥሩ አድጓል። ወደ አራተኛው ስሄድ የከረንጋ ድምፅ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ከእግሬ ሥር ነው። ወፍራም ገመድ ተወጥሮ ሲበጠስ እንደሚሰማው፤ አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጊዜ። የዛፍ ሥር ነበር። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭም ሰማሁ፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። የያዝኩት ዛፍ እጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

ፍርሃት ይህን ያህል አካል እንዳለው አላውቅም ነበር። ዛፉን ለቀቅኩ። ለአራተኛው ችካል ሃያ እርምጃ ቢቀረኝ ነው። አልሄድኩም። ዞርኩና እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

ከረንጋ ጋ ከመድረሴ በፊት ድንጋይ ሥር ተጠልዬ ደብተሩን አወጣሁ። «አላየሁም» ብዬ ብጽፍ መልሰው የሚልኩኝ መሰለኝ። ለምን ብለው ይጠይቁኝና፣ እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ይጠብቁኛል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ከተራራው ይልቅ ያን ዝምታ ፈራሁ። በአራተኛው ቦታ ላይ የጧቱን ቁጥር ወሰድኩና አንድ ሳንቲሜትር ጨመርኩበት። ሁለት ጊዜ ተለክቷል ለማለት ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አምስተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ ምንም ሳልነግረው ከረንጋን ደግፌ ወደ መንደሩ አወረድኩት።

ፕሮፌሰር ሲመሽ ላይ በጭቃ ተነክረው መጡ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። የማዶ ሰዎች እሺ ብለዋል፤ ጎረምሶቻቸውን አረጋግተው ቦታ እስኪያጸዱ ግን እስከ ቅዳሜ ቆዩልን ብለዋል። ደብተሬን ተቀብለው ኩራዙ ሥር ቁጥሮቹን አዩ። አራተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ሦስተኛው ሄዷል፤ አራተኛው ግን ቆሟል» አሉ። «ይህ ይገርማል። አይተሽዋል?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ ቢጠብቁኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ወደ ጊግማይ ሄደው ተራራው ትንፋሽ ሰጥቶናል፣ እስከ ቅዳሜ መቆየት እንችላለን አሉት። መንደሩ በሰላም ተኛ። እኔ የእማማ ሞግያን ማንኮራፋት እያዳመጥኩ ዓይኔን አልከደንኩም። ዝናቡ በጎጆው ላይ በጠነከረ ቁጥር መጣ እያልኩ እጄን መሬት ላይ አደርጋለሁ፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ፕሮፌሰር ከጎጆአቸው ደጅ ቆመው ፊታቸውን ይታጠባሉ።

«ፕሮፌሰር፣ አራተኛውን አልለካሁም።»

ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ አዩኝ።

«አምስተኛውንስ?»

«አምስተኛውንም።»

«እስከ የት ደረስሽ?»

«ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ።»

«ለምን ተመለስሽ?»

«ድምፅ ሰማሁ። ሥር የሚበጠስ። ዛፉ እጄ ላይ ተንቀሳቀሰ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ፤ ያን ፊት እስከዛሬ አየዋለሁ። ሜትሩን ከግድግዳው ላይ አወረዱና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እንሂድ። አንቺ ትለኪያለሽ።»

ዝናቡ ቆሟል። ወፍ አይሰማም። ማሳው ውስጥ ማታ ያልነበሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩ፤ እየተራመድናቸው አለፍን። ከሦስተኛው ጥንድ አንዱ ችካል ወድቋል። ከዚያ በላይ ስንወጣ ፕሮፌሰር ከኋላዬ ናቸው፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። አራተኛው ጋ የታችኛው ችካል ከላይኛው ርቆ፣ ዝቅ ብሎ፣ ዘምሞ ቆሟል። ሜትሩን ያዝኩ። ጭቃ ስለነካው ሁለቴ አመለጠኝ።

«አንብቢ።»

አነበብኩ። ከትናንት ጧት ልኬት ከግማሽ ሜትር በላይ ሄዷል።

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩ። ሲጽፉ እርሳሳቸውን አየሁት። እርሳሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ይፈራሉ?»

«ከተማሪነቴ ጀምሮ እፈራለሁ» አሉ። «ስፈራ ነው የምለካው። ውረጂ፣ አትሩጪ። ረግጠሽ ውረጂ።»

ጊግማይ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘነው። ፕሮፌሰር ቁጥሩን ነገሩት። ከረንጋ ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ በእንጨት ተደግፎ አስተረጎመ።

«ማታ ቆሟል አልከኝ» አለ ጊግማይ።

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ።

«ማታ ተሳስቼ ነበር» አሉ ፕሮፌሰር። «አሁን አልተሳሳትኩም።»

ጊግማይ ቃሉን ጠበቀ። አልተከራከረም። ከጉብታው ላይ ወጥቶ ለጎረቤት ሸለቆ በሚጣሩበት በዚያ ረጅም ድምፅ ጮኸ። መንደሩ ተነሣ። ሴቶች ያላቸውን ሁሉ ከግንባራቸው በሚንጠለጠለው የመረብ ከረጢት ከተቱ፤ አንዱ ላይ ሕፃን፣ አንዱ ላይ ስኳር ድንች። ወንዶች አሳማዎችን በገመድ ጎተቱ። እኛ ተማሪዎቹ ሽማግሌዎችን እየደገፍን ወደ ወንዙ አወረድን። ፕሮፌሰር ወንዙ ላይ ከተዘረጋው የገመድ ድልድይ አጠገብ ቆመው እያንዳንዱን ቤት በስም እየጠሩ ይቆጥራሉ፤ ሃያ ሦስቱንም በቃላቸው ያውቁታል። ማዶ ያሉት ሰዎች ጦራቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ቆመዋል። ከፊት እነሱ፣ ከኋላ ተራራው። ጊግማይ ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ በመጀመሪያ ተሻገረ። ከእነሱ አንድ አዛውንት ወርዶ እጁን ያዘው። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ።

አምስት ሰዓት ገደማ ሃያ ሁለት ቤት ሙሉ በሙሉ ተሻግሯል።

«ሞግያ የታለች?» አሉ ፕሮፌሰር።

ትልቁ ልጇ ያል ወደ ኋላው ዞረ። «ከእኔ ኋላ ነበረች።»

እሪያዋ ከድልድዩ ደንግጣ የታሰረችበትን ገመድ በጥሳ ወደ ቤቷ ሮጣ ነበር። እማማ ሞግያም ተከትላት ወጥታለች። ቀና ስንል በማሳው መካከል ስትሄድ አየናት፤ ረጅም ስለሆነች ከሩቅ ትለያለች። ያል ሊሮጥ ሲል ሦስት ሰው ያዘው። ፕሮፌሰር ድልድዩ መሐል ደርሰው ቆሙ። የሚሄዱ መሰለኝ። ግን ወደ ተዳፋቱ አዩ፤ ዛፎቹ ቆመው እየሄዱ ነበር። ምንም ድምፅ ሳይኖር፣ ጫካው እንዳለ ቆሞ ወደ ታች ይሄዳል። ድምፁ በኋላ መጣ፤ በደረቴ ነው የሰማሁት። ከዚያ አቧራና ጭቃ ሁሉን ነገር ሸፈነው። ሲገለጥ ኮርንዱል አልነበረችም።

ፕሮፌሰር ድልድዩ ላይ የገመዱን መደገፊያ ጨብጠው ቆመው ቀሩ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀው ከረንጋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ፕሮፌሰር ከሁሉም ፊት ጠሩኝ። «የሞግያ ልጆች ማወቅ አለባቸው» አሉኝ። «እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

«ቢገድሉኝስ?»

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ።»

ያል ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከማዶ ሰዎች በተሰጣቸው ጎጆ ደጅ ተቀምጧል። መጥረቢያው ወገቡ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ከጎኔ ቆሙ፤ ትከሻቸው ትከሻዬን ይነካል። ነገርኩት። ሃያ እርምጃዋን፣ የሰማሁትን፣ የጻፍኩትን። ከረንጋ ሳይቀልድ፣ ምንም ሳይጨምር አስተረጎመ። ስጨርስ ያል መሬቱን ያይ ነበር። ታናሽየው ተነሣ፤ ያል ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

«እናቴ እሪያዋን ትታ አትሄድም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሐሙስ ብንነሣም ለእሪያዋ ትመለስ ነበር ይሆናል። ግን ሐሙስ ተራራው አልወረደም። ተመልሳ ትመጣ ነበር።»

የታናሹን ክንድ ለቀቀ።

«አልጠላሽም አልልሽም» አለኝ። «ነግረሽኛል። ሂጂ።»

የመስክ ሪፖርቱ ላይ ፕሮፌሰር «በእኔ ኃላፊነት ስህተት የሆነ ልኬት» ብለው ጻፉና ከሥሩ ባዶ መስመር ትተው ሰጡኝ። ስሜን ጻፍኩበት። ከዚያ ኮርሱን ጣሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ እሳቸው ጋ ተመዘገብኩ። ሌላ ተራራ፣ ሌላ ስንጥቅ። የላይኞቹን ችካሎች ለእኔ ሰጡኝ። በየቀኑ ወጣሁ፤ በየቀኑም ፈራሁ። ስመለስ ደብተሬን ተቀብለው ዝም ይሉና «ምን ሰማሽ?» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ፣ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ብቻውን እንዳይቀር፣ ከሦስት ያነሱ ተማሪዎችን የትም ልከው አያውቁም። ባለቤታቸው በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከኮርንዱል ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር እቤታቸው ደጅ ላይ ወጥተው ይቆሙ ነበር፤ የእሳቸው ቤት ያለው ባሕር ዳር፣ አሸዋ ሜዳ ላይ ሆኖ ሳለ።

አሁን ሥራዬ ተዳፋት መለካት ነው። ፕሮፌሰርን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሆስፒታል ተኝተው፣ አጥንታቸው ወጥቶ ነው። ስለያዝኩት ተዳፋት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ውሃው ወዴት ይሄዳል አሉ። ደረቅ ነው አልኩ።

«በዝናብ አይተሽዋል?»

«በዝናብ አላየሁትም።»

«እንግዲህ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በማግስቱ ተሳፍሬ ሄድኩ። አራት ቀን ዝናብ ጠበቅኩ። ማረፋቸውን የሰማሁት እዚያ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ነው፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ከረንጋ ነው ስልክ ደውሎ የነገረኝ። መቃብሩን የቆፈሩት ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ያስተማሯቸው ናቸው፤ ግማሹ ፀጉሩ የሸበተ። እስከ ወገባቸው ሲቆፍሩ በአሸዋው ውስጥ ነጭ የዛጎል ንብርብር አገኙና አንዱ የጥንት ማዕበል ያመጣው ነው፣ ሌላው የሰው የምግብ ጥራጊ ነው ብለው ሥራ አቁመው ተከራከሩ። የፕሮፌሰር ባለቤት ከዛፉ ጥላ ሥር ተነሥተው መጡና ወደ ጉድጓዱ አዩ።

«ንብርብሩን አልጠየቅኳችሁም» አሏቸው። «አስከሬኑ ከሰዓት በፊት ይመጣል። ቆፍሩ።»

ከረንጋ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ተዳፋቱን በዝናብ ለማየት ልወጣ የዝናብ ልብሴን ፈለግኩ።